ቴሳ የለበሰችው

ቬርን ኮዛክን የሰደበው የእህቱ ባል ከርት ላንገር ነው። ቀኑ የፋሲካ እሑድ፣ ቦታው የከርት ቤት፣ ሰዓቱ ጸሎት ተደርጎ ድንቹ ገና ሳይዞር ነበር። ከርት እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከማዕዱ ራስጌ ቆሞ የአሳማውን ታፋ በኤሌክትሪክ ቢላ ይቆርጣል። ቬርን ደግሞ አጠገቡ ለተቀመጠችው ለከርት እናት ስለ ልጁ ስለ ቴሳ ይነግራታል። ሃልስተድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ ከመቶ አመልካች አምስቱን እንኳ የማይቀበለው ሃልስተድ። እዚያ ባዮሎጂ ትማርና ሕክምና ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ዶክተር ኮዛክ ነው የምትባለው። ይህን ሲል ከርት ቢላውን አጠፋ። ማጥፋት አልነበረበትም፤ ቢላው እየጮኸ ቢናገር ኖሮ ግማሹ ሰው ባልሰማ። «ቬርን» አለ፣ «ሃልስተድ የገባ ሁሉ ሐኪም የሚሆን ይመስልሃል? ባዮሎጂ ብሎ ገብቶ የጥርስ ሳሙና የሚሸጥ ስንት አለ መሰለህ። አንተ የጎማውን ንገረን፤ ይሄን ለሚያውቀው ተወው።» ብሎ ቢላውን መልሶ አበራ። የቬርን እህት ጆዲ ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ናት፣ ድንቅ ነገር የተባለ ያህል አይደለም፤ ግን ሳቀች። ቴሳ ሳህኗን ታይ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ቬርን ደግሞ ከተወጉትም መካከል ባለ ጥሩ ትዝታ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለ ሚስተር ፖልሰን የሚባለው የሒሳብ መምህር በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንተ የምትመረቀው ወንበሩ ሲመረቅ ነው» ያለውን፣ ያን ዕለት የለበሰውን የመምህሩን ቡናማ ክራቫት ጭምር ያስታውሳል። በጆዲ ሠርግ ዕለት የከርት አባት የመኪና ቁልፉን አውጥቶ እጁ ላይ ጣል አድርጎለት «ጥላ ሥር አቁማት» ያለውንም አልረሳም። ሰውየው ቬርን የሙሽራዋ ወንድም መሆኑን ያወቀው ኋላ ነው፤ ሲያውቅም ይቅርታ አልጠየቀም፣ ሳቀ እንጂ። ከአሥራ አንደኛ ክፍል አቋርጦ ጎማ ቤት የገባ ሰው የሚሰደበው በስድብ ብቻ አይደለም፤ በምክርም፣ በሳቅም፣ በቁልፍም ይሰደባል። የፋሲካው ግን ከሁሉ የባሰበት ልጁ ፊት ስለሆነ ነው። ለሚስቱ ለሎሬይን እንኳ ስሜቱን አልነገራትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለብቻው ሲያመነዥከው ሰነበተ።

ስለዚህ ሜይ አንድን ሲጠብቅ ነበር። በኢሪ ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በዚያን ቀን የሚገቡበትን ኮሌጅ ቲሸርት ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ማን የት እንደገባ ከደረቱ ይነበባል። የመጨረሻው የመመዝገቢያ ቀንም እሱው ነው፤ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ለአንዱ ኮሌጅ እሺ፣ ለሌሎቹ አይሆንም ማለት ግድ ነው። ቬርን የሃልስተድን ቲሸርት ከኢንተርኔት አስመጥቶ ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደረቱ ላይ በነጭ የዩኒቨርሲቲው ስም የተጻፈበት። አርባ ሁለት ዶላር ከነማጓጓዣው፤ እሱ ራሱ ለራሱ ሸሚዝ ከሃያ በላይ አውጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ የቴሳ ወንበር መደገፊያ ላይ አልብሶ አስቀመጠው። ሎሬይን የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ፈረቃዋ ስለሚጀምር ጎህ ሳይቀድ ወጥታለች፤ ምድጃው ላይ የተዘጋጀ የእንቁላልና የቋሊማ ጥብስ ትታላቸዋለች። ቴሳ ከፎቅ ወርዳ ቲሸርቱን ስታይ ቆመች። በጣቷ ፊደሎቹን ነካካች። «አመሰግናለሁ አባዬ» አለችና ከወንበሩ አንስታ፣ በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከላይ የለበሰችው ዚፕ ያለው ወፍራም ሹራብ እስከ አገጯ ተዘግቷል። ቬርን ትምህርት ቤት ስትደርስ ልትቀይር ነው ብሎ አሰበ። እንቁላሉን በሉ። እሷ ስለ አየሩ አንድ ነገር አለች፤ እሱም ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዛሬም እንደማይተዋቸው ነገራት።

ጎማ ቤቱ ትልቁ ጎዳና ላይ ነው፤ በሩ ላይ በረጅም ምሰሶ የቆመ፣ ፊደሉ የሚቀያየር ነጭ ሰሌዳ አለው። ክረምቱን ሙሉ ሰሌዳው የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የበረዶ ጎማ መቀየር ሰማንያ ዶላር፣ ፍሬን መፈተሽ በነጻ። ቬርን የዚያን ቀን ጋራዡን ከመክፈቱ በፊት ጫፉ ላይ መያዣ ያለውን ረጅም እንጨት አንስቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አወረደና ሌላ ሰቀለ። ሲጨርስ ሰሌዳው «ሃልስተድ የምትገባው ልጃችን ቴሳ፣ የወደፊቷ ዶክተር፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይል ነበር። ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ አነበበው። አንዱ ፊደል ትንሽ ዘመም ብሏል፤ ተመልሶ አቃናው። ለማን እንደጻፈው ራሱን ቢጠይቅ ለቴሳ ነው ይል ነበር። ከርት ግን ወደ ሥራው የሚሄደው በዚህ ጎዳና ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም፤ የትራፊክ መብራቱ ላይ ሲቆም ሰሌዳው ፊት ለፊቱ ነው።

ከቬርን ጋር ሃያ ዓመት የሠራው ማርቭ በመጠጫው ቡናውን ይዞ መጣና ቀና ብሎ አነበበ። ማርቭ ጀርባው የተጎዳ፣ ምላሱ ግን ምንም ያልሆነ ሰው ነው። ይሄ ጋራዥ እንግዲህ ክሊኒክ ሊሆን ነው፣ ልጅቷ ስትመረቅ በኔ ጀርባ ትጀምር፣ ክሪኩም አለ፣ አልጋ መግዛት አያስፈልግም አለ። ቬርን ሳቀ። ጠዋቱ ደስ የሚል ነበር። ወደ ሥራ የሚጣደፉ መኪኖች ሰሌዳውን እያዩ ጥሩንባ ነፉለት፤ የዳቦ ቤቱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አውራ ጣቱን አሳየው። ቬርን በእያንዳንዱ ጥሩንባ ቀና ይላል፤ የከርት ብርማ መኪና ናት ወይ ብሎ። አንድ ጊዜ የመሰለው መኪና መብራቱ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጥሩንባ ግን አልነፋም።

ጋራዡ ውስጥ ሥራ ሞልቷል። ክረምቱ አልፎ የበረዶ ጎማቸውን ሳያወልቁ የቆዩ ሰነፎች ሁሉ የሚመጡት በዚህ ሳምንት ነው። ቸርኬ ይወርዳል፣ ቸርኬ ይወጣል፣ ብሎን የሚፈታው የአየር መሣሪያ ይጮኻል። ወይዘሮ ኦዴል የምትባል፣ አሮጌ ግራጫ መኪና የምትነዳ ጡረተኛ፣ መቆያ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ትታ በሩ ላይ ቆማ ታወራዋለች። ሰሌዳውን አይታለች፤ ደስ ብሏታል። የሷም ልጅ እንዲሁ ሐኪም ልሁን ብሎ ስሙ የታወቀ ቦታ ገብቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ ነው የመለሰው፤ አሁን ፍሎሪዳ ቤት ያሻሽጣል፤ ደህና ይኖራል፤ ጀልባ አለው። ሴትዮዋ ይህን ያለችው ለማጽናናት ነው፤ ልቧ ንጹሕ ነው። ቬርን ግን ገና ያልሞተ ሰው ተዝካር የተበላ መሰለው። ከርትም ያለው ይህንኑ ነው። ከተማው ሁሉ ተመካክሮ የጎሚስታ ልጅ እንዳትወጣ እጇን ወደ ታች የሚጎትት መሰለው። ብሎኖቹን አጥብቆ ሂሳቧን ሲቀበላት «መልካም ቀን» ያላት ጥርሱን ነክሶ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ቴሳ መጣች። በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት እየተፈቀደላት ትወጣለች፤ አንዳንዴ ሳንድዊች ይዛለት ትመጣለች። የዛሬው አመጣጧ ግን በእግሯ፣ በፍጥነት፣ ባዶ እጇን ነበር። ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራዋለች። ከሥር የለበሰችው ቲሸርት ሐምራዊ ነው፤ ደረቱ ላይ በቢጫ «ቅድስት ሞኒካ ኮሌጅ» ይላል። ቅድስት ሞኒካ ድሮ መነኮሳት የመሠረቱት፣ ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያለው ትንሹ ኮሌጅ ነው፤ የቬርን የልጅነት ጓደኞች ሳር ሊያጭዱ የሚቀጠሩበት። ቲሸርቱን መጀመሪያ ያየው ማርቭ ነው። የሚቀልድ ነገር አላገኘም መሰል፣ ቁልፉን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ።

ቬርን ወደ ቢሮው ወሰዳት። ቢሮ ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በደንብ የማይዘጋ መስኮትና የአዲስ ጎማ ሽታ ነው። ቴሳ ቀኝ በኩሉ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፍታ አረንጓዴውን ቲሸርት፣ እንደታጠፈ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። የዋጋ መለያው ስላልተቆረጠ ይመልሱታል አለች። ልጆቹ የሰሌዳውን ፎቶ አንስተው ስልክ ለስልክ ሲቀባበሉት እንደዋለ፣ የኬሚስትሪ መምህሯም ክፍል ውስጥ ደረቷን አይቶ ግራ እንደተጋባ፣ ሁሉም እየጠየቃት እንደሆነ ነገረችው። ከወሰነች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ልትነግረው አሥር ጊዜ አፏን ከፍታ አሥር ጊዜ ዘግታዋለች፤ ደስታውን ባየች ቁጥር ነገ ትላለች፤ ነገ ስትል ዛሬ ደረሰ።

«ፈርተሽ ነው» አላት። «ያ ሰው በፋሲካ ያለውን ሰምተሽ ነው። አልችልም ብለሽ ነው።»

እንደዚያ አይደለም አለችው። ከዚያም ቀስ ብላ፣ ለደንበኛ እንደሚያስረዳ ሰው፣ አስረዳችው። በሃልስተድ የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ አራት መቶ ልጅ ይቀመጣል፤ አራት መቶውም ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ የመጣ ነው። ማርኩን የሚሰጡት ልጆቹን እርስ በርስ እያስተያዩ ስለሆነ አንዱ ላይ እንዲወጣ ሌላው ታች መውረድ አለበት። ሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ማርኩን ነው፤ የኮሌጁ ስም ለተበላሸ ማርክ አይማልድም። ቅድስት ሞኒካ ከከተማው የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ስምምነት አለው፤ ማርኳን ከጠበቀች ቦታዋ ይያዝላታል። መምህሩ ስሟን ያውቃል። ለማታም ቤቷ ትገባለች። ሃልስተድ መግባት ከባድ ነው፤ ከሃልስተድ ሐኪም ሆኖ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያዩት ከውጭ የሚያዩት ናቸው።

ቬርን ያዳምጣል። ከውጭ የሚያዩት ያለችው እሱን መሆኑን አውቋል፤ ልቡ ከስድቦቹ መዝገብ ሊያስገባው ሲል ያዘው። ባዮሎጂውንስ እዚያው ትማሪያለሽ ማለት ነው ብሎ ጠየቃት። ለሕክምና መግቢያ የሚጠየቁትን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ሁሉ እወስዳለሁ አለች፤ ዋና ትምህርቴ ግን ባዮሎጂ አይደለም። ለሕክምና ዋና ትምህርትህ ይሄ ይሁን የሚል የለም፤ የተጠየቁትን ካሟላህ የቀረውን የምትመርጠው አንተ ነህ። የመረጠችው የመስማትና የመናገር ሳይንስ የሚባል ነው። ሕክምናው ከሆነላት የጆሮ ሐኪም ትሆናለች። ካልሆነላትም ጆሮ የምትመረምር፣ የመስሚያ መሣሪያ የምትገጥም ባለሙያ መሆን ትችላለች፤ በሩ ቢዘጋባት ደጅ ላይ አትቀርም።

ቬርን አንገቱ ቀላ። የዛሬ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ጎማ ቸርኬው ላይ ሲሞላ አጠገቡ ፈንድቶ ነበር። ስለዚያ ነገር በቤቱ አይወራም። ሎሬይን መስሚያ መሣሪያ አድርግ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃው ሁለት ሳምንት ኩርፊያ አትርፋለች። «ጆሮዬ ምን ሆነ?» አለ።

«ምንም። ግራው ብቻ ነው የሞተው።»

ፈገግ ያለች መስሎት ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግ አላለችም፤ አይኖቿ ሞልተዋል። እሱ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የብሎን ሣጥን ከዚህ ወደዚያ አዛወረ። ይሄን ሁሉ ያስተማረሽ ማን ነው አላት፤ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናት ትለኛለች ብሎ ነበር የጠበቀው። አጎቴ ከርት ነው አለችው። ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ዕለት፣ ከምትሠራበት ሱፐርማርኬት ስትወጣ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲጠብቃት አገኘችው። መኪናው ውስጥ አስቀምጧት፣ እሷን ሳይሆን የፊት መስታወቱን እያየ ተናገረ። ከርት በወጣትነቱ ሐኪም ሊሆን ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምሯል። ተመርቆ ሁለት ጊዜ ለሕክምና አመለከተ፤ ሁለት ጊዜም መለሱት። አባቱ አንድ ዓመት ሙሉ አላናገረውም። የሆስፒታል አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር የሚሸጠው ድርጅት ውስጥ የገባው በዚያ ነው፤ አሁን ኃላፊ ነው፤ ግን ሆስፒታል የሚገባው በዕቃ መግቢያው በር ነው። የምትወጂውን ተማሪ አላት፣ ማርኩ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ በሩ ቢዘጋም የማያስቀርሽን ምረጪ፤ እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም። ከዚያ የፈለገችውን እንድትመርጥ፣ የሱንም ምክር መስማት ግዴታዋ እንዳልሆነ ነግሯት ሸኛት። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብሏት ነበር። «ዛሬ የነገርኩህ ሰሌዳውን ስላየሁ ነው» አለች ቴሳ።

ቬርን መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለው፣ እውነተኛ ደስታ። ጠላቱ ሰይፉን ከነሰገባው አምጥቶ እጁ ላይ ያኖረለት ያህል። እህቱን ካገባ ሃያ ሁለት ዓመት! ያ ሁሉ ምክር፣ ያ ሁሉ ለሚያውቀው ተወው፣ እሱ ራሱ ሁለቴ የተመለሰ ሰው ነው። የሚቀጥለው እሑድ ማዕድ ላይ፣ ቢላው ሲጠፋ ጠብቆ፣ በቀስታ እንዴት እንደሚናገረው ታየው። ጆዲ ስትስቅ፣ ከዚያ ሳቋ ሲደርቅ ታየው። ነገር ግን ያን የመኪና ማቆሚያ ከሐሳቡ ሊያወጣው አልቻለም። ሰውየው ከሥራ ወጥቶ፣ ከሱፐርማርኬት በር ላይ፣ የሌላ ሰው ልጅ ትወጣለች ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ለሚስቱ ወንድም ያልነገረውን፣ ምናልባት ለማንም ያልነገረውን ሐፍረቱን፣ ሳያስመስል፣ ለአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይነግራታል፤ ለማንም ሳይሆን እሷ እንዳትወድቅ። ለማይወደው ሰው ልጅ። ቬርን ቢሆን ያደርገው ነበር?

ቴሳ ተነሣች። ትምህርት ቤቱ በሩን ሊዘጋ ነው።

«ሃልስተድ ግቢ ካልከኝ እገባለሁ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለ» አለችው። «ግን ለማን ብዬ እንደምገባ ንገረኝ።»

ቬርን ቁልፉን ከመስቀያው አንስቶ ላድርስሽ አላት። የተበላሹ መኪኖች የሚጎትትበት ትልቁ መኪና ውስጥ ገቡ። እሷ እንደ ልማዷ በስተቀኙ፣ ጉልበቷን ሰብስባ ተቀመጠች። ሞተሩ ይጮኻል፣ የኋላው ሰንሰለት ይንቋቋል፤ እሷ የምትናገረው ግን በደንብ ይሰማዋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚዘመር፣ ማርቭ ለምን እንደሸሸ ታወራለች። መብራቱ ላይ ቆሞ ሳለ ነው ነገሩ የገባው። መኪና ውስጥስ ሌላ ቦታ የላትም። ቤት ግን? ወጥ ቤቱ ውስጥ ወንበሯ በቀኙ ነው። ድሮ፣ ትንሽ ሳለች፣ በመስኮቱ በኩል ነበር የምትቀመጠው፣ በግራው፤ ወፎቹን አያለሁ ብላ። መቼ ተዛወረች? ቤተ ክርስቲያን በቀኙ ናት። በፋሲካም ከማዕዱ በቀኙ ነበረች። ሶፋው ላይ በቀኙ። ዛሬ ቢሮው ውስጥ፣ ያን ያህል ጭንቅ ይዛ መጥታ፣ ወንበሩን ስባ ያስጠጋችው በቀኙ ነው። ስምንት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ አባዬ አይሰማም ብላ ለሰው ሳትናገር፣ ጮክ ብላ ሳታሳፍረው፣ እንዲሁ ዞራ ዞራ ትቀመጣለች። የሰደቡትን ሁሉ ከነክራቫታቸው የሚያስታውሰው ቬርን ይህን አላየም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኋላው ያለው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋበት አልተንቀሳቀሰም።

ቬርን ምን ብሎ እንደሚያመሰግን የማያውቅ ሰው ነው፤ አመስጋኝነት በቤታቸው የተለመደ ዕቃ አልነበረም። የሱ አባት ከትምህርት ቤት ሲያስወጣው ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀውም፤ የሥራ ልብስ ነው የገዛለት። ይቺ ልጅ ግን ራሷ ወስና፣ ዛሬ ማታ ራሷ ተመዝግባ ነገ ጠዋት ማሳወቅ ስትችል፣ በምሳ ሰዓቷ በእግሯ መጥታ ለማን ብዬ ትለዋለች። የሱን ቃል ትፈልጋለች። በዕድሜው የሱን ቃል እንዲህ የፈለገ ሰው አልገጠመውም።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ልጆች በየቀለሙ ቲሸርት ተሰብስበው ፎቶ ይነሣሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ሐምራዊ የለበሰች ሌላ ልጅ አላየም። መኪናውን አቆመ።

«ሃልስተድን ተይው» አላት። «ማታ እናትሽ ስትመጣ የሞኒካውን እሺታ ሦስታችን ሆነን እንልከዋለን።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ክፍል ውስጥ ግን የኔን ጆሮ እንዳታወሪ» አለ።

«ስምህን አልጠራም» አለች። ጎንበስ ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ የሱ ጉንጭ ቅባት ስለነበረበት አፍንጫዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ቀረ። ሊነግራት ሲል ወርዳ ሮጠች። ሐምራዊዋ ከቀዩና ከሰማያዊው መሐል ገብታ እስክትጠፋ አያት።

ሲመለስ ረጅሙን እንጨት አንሥቶ ፊደሎቹን አወረደ። ማርቭ ሣጥኑን ይዞለት ከሥር ቆመ። የሞኒካውን ልስቀልልህ ወይ ሲል ጠየቀው፤ ፊደሉ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። ቬርን አይሆንም አለው። ይሄ የሷ ወሬ ነው፤ መንገድ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አንዴ ሰቅዬዋለሁ ይበቃል። ሰሌዳው ላይ የበረዶ ጎማውን ዋጋና የፍሬኑን ማስታወቂያ መለሱ። ማርቭ ቆይቶ፣ መነኮሳቱ ደህና ሾርባ ነበራቸው፣ ልጅ ሳለሁ ሳር አጭጄላቸው አብልተውኛል አለ። የማርቭ ምርቃት መሆኑ ነው።

ሥራ ሊያልቅ አካባቢ ብርማዋ መኪና ገባች። ከርት የበረዶ ጎማውን እስከ ሜይ ከማያወልቁት አንዱ ነው፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ሙሉ ዋጋ እንዳይከፍል ጆዲ ስለምታስገድደው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በየዓመቱም ሁለት ጊዜ ሁለቱም ቶሎ እንዲያልቅ ይጣደፋሉ። ቬርን ማርቭን አስቀምጦ ሥራውን ራሱ ያዘ። ጎማዎቹን አወረደ፣ የበጋዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ባላንስ አደረገ፣ ብሎኖቹን በአየር መሣሪያው ሳይሆን በእጁ፣ በመስቀለኛ ቁልፍ አጠበቀ። ከርት ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ ሰሌዳውን አየ፣ አንድ ጊዜ ቬርንን አየ። ፊቱ ከፋሲካው ይልቅ ያረጀ መሰለው፤ ወይም እስከ ዛሬ በደንብ አላየውም።

«ጠዋት ሃልስተድ ነበር፤ ምነው ወረደ?» አለ ከርት። «ከለከሏት እንዴ? ወይስ የጎማ ዋጋ ይሻላል አልክ?»

ቬርን ከመጨረሻው ቸርኬ ላይ ቀና አለ። ምላሱ ላይ ሁለት ቃል ነበረው። አንደኛው ሰይፉ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ሁለተኛው ደግሞ ከሰይፉ ይከብደዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚሉት ዓይነት ነው፤ እሱን በዚያ ሰው ፊት አውጥቶ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚወጣም አያውቅም። ክሪኩን አወረደ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ቁልፉን ሰጠው። ከርት የኪስ ቦርሳውን ሊያወጣ ሲል በእጁ ተው አለው። ከርት በዚህ ግራ ገባው። ቦርሳውን በእጁ እንደያዘ ቆመ፤ ሲናገርም ድምጹ ዝቅ ብሏል፣ ቀልድ አልነበረበትም።

«ቬርን» አለ፣ «ልጅቷ ዛሬ የትኛውን ለበሰች?»

ይሄ የልቡ ጥያቄ መሆኑን ቬርን አወቀ። ሰውየው ሦስት ሳምንት ይህን ብቻ ሲያስብ እንደሰነበተ ከፊቱ ላይ አነበበ። ግን መልሱ የሱ አልነበረም። እሷ እሑድ በአፏ ትነግረዋለች፤ ሊሰማው የሚገባውም ከእሷ ነው፤ ሌላው ሰው መሐል ገብቶ የሚወስድበት ነገር አይደለም። የጋራዡን መብራት አጠፋ፣ ማርቭን ደህና እደር አለው፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ መንገድ ሄደ።